የጠርሙሱ ፊትና ጀርባ፦ ስለ ፀጉር መንከባከቢያ ጽሑፎች የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ቴያትር የሚተችበት ጽሑፍ ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ በጊቫት ሃሞሬ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ በየዕለቱ በእጅ የሚያዝ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ። ይኸውም በመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ በተደረደሩት የሻምፖ፣ የኮንዲሽነርና የፀጉር ቅባት ጠርሙሶች ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው። ስለ ፀጉራችንና ስለ ሴት ልጆቻችን መልክ የሚናገር እስከ ሆነ ድረስ እንደ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። ለመሆኑ የሚናገረው ማንን ነው? የሚናገረውስ እውነት ነው ወይ? የሚደብቀውስ ምንድን ነው?

የጠርሙሱ ፊት

ለጥቅልል ፀጉር ተብለው በዕብራይስጥ በተጻፉ ጠርሙሶች ፊት ላይ ከሚነበቡት ቃላት አንዱ «ማርዳኒ» የሚለው ነው። ትርጉሙም ዐመፀኛ ማለት ነው። ፀጉር በማን ላይ እንዳመፀ ግን ጠርሙሱ አይናገርም። ጥቅልል ፀጉር የሚጠቀለለው በሥነ ፍጥረቱ ነው። ከራስ ቆዳ ሥር ያለው የፀጉር ከረጢት ጠመም ያለ ነው፤ የፀጉሩም ክር ሲቆረጥ ድፍን ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በየጥምዝምዙ እየተያዘ እስከ ጫፉ በቀላሉ አይደርስም። ጫፉ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። በየመታጠፊያው ላይ ክሩ ስስ ስለሆነ በደረቁ ሲበጠር ይሰበራል። እንግዲህ ጉዳዩ የእርጥበት እንጂ የዐመፅ አይደለም። በሽታ ያልሆነውን በሽታ ብሎ የሚሰይም ጽሑፍ መድኃኒቱንም ለመሸጥ ይመቸዋል።

የራሳችንን ቋንቋ ሳንመረምር የሌላውን ብቻ ብንወቅስ ደግሞ ፍርዳችን ሚዛን ያጣል። በአማርኛችን «ዞማ» እና «ሉጫ» ሙገሳ ናቸው፤ «ከርዳዳ» ግን ስድብ ነው። ይህን ስድብ ከዕብራይስጥ አልተማርነውም፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ነው። ልጃገረዲቱ በትምህርት ቤት ስለ ፀጉሯ የሰማችውን ነቀፋ ቤት ስትገባ ከአክስቷ አፍ ከሰማችው ጠርሙሱ ለምን ይወቀሳል?

ነገር ግን በዚያው ቋንቋ ውስጥ ሌላም መዝገብ አለ። ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ፣ ቁንጮ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የሰውን ዕድሜና ማዕረግ የሚናገሩ ነበሩ። ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በሥዕሎቻቸው የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የፀጉራቸው ቁራጭም ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አንድ አገር እንዲመለስለት የሚጠይቀው ፀጉር የሚታፈርበት ሊሆን አይችልም።

የጠርሙሱ ጀርባ

ፊቱ የሚያባብል ከሆነ ጀርባው የሚመሰክር ነው። በጠርሙሱ ጀርባ በደቃቅ የላቲን ፊደል የተጻፈው ዝርዝር ዓለም አቀፍ ሕግ ያለው ጽሑፍ ነው። ንጥረ ነገሮቹ በብዛታቸው ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ፤ ብዙው መጀመሪያ፣ ጥቂቱ መጨረሻ። ከመቶ አንድ እጅ በታች የሆኑት ግን እንደ ፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የምናገኘው «አኳ» የሚለውን ነው፤ ውኃ ማለት ነው። «ፓርፉም» ማለትም ሽቶ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ፊት በወርቃማ ፊደል የተጻፈው የአርጋን ዘይት በጀርባው ከፓርፉም በኋላ ከተገኘ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጠብታ ያህል ነው ማለት ይቻላል።

የሚያሳስቱ ስሞችም አሉ። «ሴቲሪል አልኮል» የሚለውን አይተው አልኮል ፀጉር ያደርቃል ብለው ጠርሙሱን የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን ፀጉርን የሚያለሰልስ ሰም መሰል ቅባት ነው። የሚያደርቀው በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ሲገኝ «አልኮል ዲናት» የተባለው ነው። እንደዚሁም ስማቸው በ«ኮን» የሚጨርሱት፣ ለምሳሌ «ዳይሜቲኮን»፣ ሲሊኮኖች ናቸው። ፀጉርን ሸፍነው ያንጸባርቁታል፤ ማበጠሪያውም እንዳይዘው ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ግን በውኃ ብቻ ስለማይለቁ እየተደራረቡ ፀጉሩን ያከብዱታል። «ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት» ደግሞ አረፋ የሚያወጣ አጣቢ ነው። ቆሻሻን ሲያጥብ ወዙንም ይወስዳል። ወዙ ከጫፉ ለማይደርስ ፀጉር በየቀኑ በእርሱ መታጠብ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አረፋን በተመለከተ ከአገር ቤት የምናውቀው ነገር አለ። እናቶቻችን ነጭ ልብስ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ ይህም ቅባትና ውኃን በማስታረቅ ከዛሬው ሻምፖ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እንዶድ መርዛማ ስለሆነ ለራስ ቆዳ የሚሆን አይደለም። ምሳሌውን ያነሣነው ዕውቀቱ በሴቶቹ እጅ እንደ ነበር፣ የጎደለው የሚያነብለት ሰው ብቻ እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

የጠርሙሱም ጀርባ እንዲሁ ነው። «ሪሲነስ ኮሙኒስ» የሚለውን የላቲን ስም ጊቫት ሃሞሬ የተወለደች ልጅ ፊደሉን ታነበዋለች እንጂ ምን እንደ ሆነ አታውቅም። እናቷ ደግሞ ፊደሉን አታነበውም እንጂ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ጉሎ ነው። «ሊኑም ኡሲታቲሲሙም» ደግሞ ተልባ ነው። ዛሬ ጥቅልል ፀጉራቸውን ለማስያዝ ብዙ ሴቶች ቀቅለው የሚያጠሉት የተልባ ዝልግልግ እናቶቻችን ለሆድ ያጠጡን የነበረው ያው ተልባ ነው። ፊደሉ በልጅ እጅ፣ ዕውቀቱ በእናት እጅ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ካልተቀመጡ ያ ጽሑፍ ለሁለቱም ዝግ ነው።

ቅቤውም ይተች

በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ለጋ ቅቤ ራስ ላይ ይደረግ ነበር፤ መዓዛው እንዲያምርም አደስ ይጨመርበታል። እስራኤል ከመጣን በኋላ ቅቤው ይሸታል ተብሎ ብዙ እናቶች ተሸማቀዋል፤ ልጆችም አፍረዋል። ዛሬ ግን በየመደርደሪያው «ሔምአት ሺአ» የሚል ጽሑፍ በኩራት ተለጥፎ እናያለን። ሔምአ ማለት ቅቤ ነው። በጀርባው «ቡቲሮስፔርሙም ፓርኪ» ተብሎ የሚጻፈውም የአፍሪካው የሺአ ዛፍ ስም ሲሆን የመጀመሪያው ቃል «የቅቤ ዘር» ማለት ነው። ከራሳችን ላይ እንድናወርደው የተነገረን ነገር በሌላ ስም፣ በጠርሙስ ተሞልቶና ዋጋ ተቆርጦለት ተመለሰ። ይህን ታዝቦ ዝም ማለት አይቻልም።

ሆኖም ይህ ቅሬታ ቅቤን ከሂስ ነጻ አያደርገውም። ቅቤ ለፀጉር ውኃ አይሰጥም፤ ያለው ውኃ እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ስለዚህ በደረቅ ፀጉር ላይ የተደረገ ቅቤ ድርቀቱን ይከድናል፤ ፀጉሩ አስቀድሞ ሲርስ ግን ይጠቅማል። ሲሰነብት የሚሸተውም ስቡ ተበላሽቶ ቡቲሪክ አሲድ ስለሚወጣው ነው፤ የቤት ንጽሕና ጉድለት አይደለም። ፎረፎር ባለበት ራስ ላይ ቅቤም ሆነ ማንኛውም ዘይት አይመከርም። ማላሴዝያ የተባለው በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ከቅባት የሚገኘውን ስለሚመገብ ነገሩ ይባባሳል። ሹሩባም ቢሆን ውበቱ በልኩ ሲሆን ነው። ዓይን እስኪጎትት የጠበቀ ሹሩባ የግንባርን ዳር ፀጉር ያሳሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለም ሥሩ ጠባሳ ይዞ ፀጉሩ ተመልሶ አይበቅልም። ልጅ አመመኝ ስትል «ለውበት ነው፣ ቻይው» ማለት ትክክል አይደለም።

በአንጻሩ ከአያቶቻችን ልማድ ዛሬም የሚያስመሰግኑ አሉ። ፀጉርን ቶሎ ቶሎ አለመታጠብ፣ እየከፋፈሉ በትዕግሥት መፍታት፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መበጠር፣ ሌሊት በሻሽ ጠቅልሎ መተኛት እያንዳንዱ ስባሪን ይቀንሳል። ሻሹ ከጥጥ ይልቅ ከሐር ወይም ከሳቲን ቢሆን እርጥበቱን አይመጥም።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል

ከሁሉም ይበልጥ ሂስ የሚያስፈልገው ጽሑፍ «ሃሕላካ» ከሚባለው የፀጉር ማለስለሻ ጋር የሚመጣው ነው። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ፍጻሜ ልጃገረዶች ወደ ፀጉር ቤት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላቸው «ሃሕላካ ኦርጋኒት» የሚል ነው። ኦርጋኒክ ሲባል ከእርሻ የመጣ ንጹሕ ነገር ይመስላል። በኬሚስትሪ ግን ኦርጋኒክ ማለት ካርቦን ያለበት ውሁድ ማለት ነው፤ ፎርማልዴሃይድም ኦርጋኒክ ነው። ፎርማልዴሃይድ ደግሞ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ይህ ስለ ታወቀ ብዙ አምራቾች በምትኩ ግላዮክሲሊክ አሲድ አስገቡ፤ በጠርሙሱም ፊት «ፎርማልዴሃይድ የለውም» ብለው ጻፉ። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተካው ነገር ግን አልተጻፈም።

ውጤቱን ያየነው እዚሁ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የእስራኤል ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ከ2019 እስከ 2022 ድረስ በ14 የሕክምና ማዕከላት 26 ሴቶች ፀጉራቸውን ካለሰለሱ በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት ተጎድቶ እንደ ታከሙ ተገልጿል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 58 ነበር። ሦስቱ ለጊዜው ዳያሊሲስ አስፈልጓቸዋል፤ ሁለቱ ደግሞ እንደገና አለስልሰው እንደገና ታመዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጥናታቸው የታተመላቸው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ክሬሙን በአይጦች ቆዳ ላይ ቀብተው ግላዮክሲሊክ አሲድ በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት እየተለወጠ በኩላሊት ውስጥ ጠጠር መሰል ደቃቅ ነገር እንደሚፈጥር አሳይተዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በአሜሪካ ደግሞ 33,497 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ዘንድ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 4.05 በመቶ ሲገመት፣ ባልተጠቀሙት ዘንድ 1.64 በመቶ ነው። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ሆኖም ቸል የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ፀጉሯን አለስልሳ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያስመለሳት፣ ሆዷን ወይም ወገቧን ያመማት ሴት ወደ ሐኪም በፍጥነት ትሂድ፤ ማለስለሷንም ሳትደብቅ ትናገር። ሐኪሙ ካልሰማ የኩላሊቱን ነገር ላይጠረጥር ይችላል። ወላጅም ይህን የምትናገር ልጅ እንዳትቆጣ እናሳስባለን፤ ቁጣው ልጅቷን ዝም ካሰኛት ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ፀጉሯን ማለስለስ የምትሻን ሴት መኮነን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ራሷ የራሷ ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው የተመረጠው ነገር ሲታወቅ ነው። የጠርሙሱ ፊት እናትንና ልጅን ይለያያል፤ ለልጅቷ የእናቷን መልክ እንደ ጉድለት ያሳያታል። ጀርባው ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ነው፤ ያለ ልጅቱ ዓይንና ያለ እናቲቱ ዕውቀት አይነበብምና።

ስለዚህ አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። በየቤቱ ያሉትን ጠርሙሶች ልጆች ጀርባቸውን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እናቶችና አያቶች የሚያውቁትን በአማርኛ ስሙ ይጥሩት፤ የማይታወቀውን የፋርማሲ ባለሙያ ይጠይቁ። የተገኘው ሁሉ በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ይጻፍ። ማኅበሮቻችን ይህን ሰብስበው በአንድ ገጽ ቢያወጡና በየፀጉር ቤቱና በየቁፓት ሆሊሙ ቢለጥፉት ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ለተመራማሪዎችም ቢሆን በማንም መዝገብ ውስጥ ያልገባ የሴቶቻችን ዕውቀት በዚሁ አጋጣሚ ይጻፍላቸዋል።