«ይከፈል» በፍቺ ውሳኔ ውስጥ፤ ስለ ጡረታ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

በፍቺ ጊዜ የጡረታ መብት ለሁለቱ ወገኖች እንዴት እንደሚደርስ የሚናገሩ ሰነዶች ወደ አማርኛ መመለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ስለ ሆነች፥ ከባሕር ማዶ የተፈረደ ፍቺም የጣና ዳር ተወላጆች ይዘውት ወደዚህ ይመጣሉ። ትርጉሞቹን ስንመረምር የሰዋስው ግድፈት ብዙም አላገኘንባቸውም። ያገኘነው ከዚያ የከፋ ነው።

እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፤ «ባል በትዳሩ ዘመን ያፈራው ጡረታ ለሚስት ይከፈል።» አንባቢው ምን ይረዳል? አንዱ ጡረታው ሙሉ በሙሉ ለሚስት ይሰጥ ይላል። ሌላው ጡረታው ለሁለት ተከፍሎ ድርሻዋ ይድረሳት ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ «ከፈለ» ሁለቱንም ይሸከማልና። ክፍል፥ ክፍለ ዘመን፥ ክፍለ ሀገር የሚሉት እንደሚያስረዱት የሥሩ ቀዳሚ ፍቺ መለየትና መመደብ ነው። ገንዘብ የመስጠት ፍቺ ለየባለድርሻው ድርሻውን ከማድረስ የመጣ ይመስለናል። በስም ደረጃ ቋንቋው ራሱ መፍትሔ አበጅቷል፤ «ክፍያ» እና «ክፍፍል» አይምታቱም። ችግሩ ያለው ግሡ ላይ፥ ይልቁንም በትእዛዝ አንቀጽ ላይ ነው፤ ፍርድ ደግሞ የሚጻፈው በትእዛዝ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው መለየትን ሲሻ «ይካፈሉ»፥ መስጠትን ሲሻ «ክፍያው ይፈጸም» ቢል ጥቂት ፊደል ይጨምራል፤ አንዲትን ሴት ግን ከዓመታት ክርክር ያድናል።

«ተለዋጭ ተከፋይ» የሚለው ስያሜ የዚሁ ጥፋት ልጅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ፥ ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት ከሠራተኛው የጡረታ ሒሳብ ድርሻ የሚያገኘው የቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተለየ መጠሪያ አለው፤ ያ መጠሪያ ቃል በቃል ሲገለበጥ ነው «ተለዋጭ ተከፋይ» የተወለደው። በሒሳብ አያያዝ ተከፋይ ማለት ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ሰውን በዕዳ ስም መጥራት ምን ይባላል? «ሁለተኛ ባለመብት» ቢባል ሐሳቡ ይደርሳል።

የእንግሊዝን ሕግ የሚተረጉሙትም «ጡረታ ማካፈል» በሚል አንድ ሐረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ሥርዐት ለተፋታው ወገን ከሌላው የተነጠለ የራሱን መብት ይፈጥርለታል። ከእርሱ በፊት የነበረው ግን ባለጡረታው መቀበል ሲጀምር ከሚቀበለው ላይ የሚቆነጠር ነው፤ ባለጡረታው ሲሞት ይቋረጣል። የፊተኛውን «መነጠል»፥ የኋለኛውን «መቀነስ» ብንለው ልዩነቱ ይታያል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 79/1995 ባልና ሚስት በትዳር ዘመን በጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርጋሉ፤ ሲፋቱም በመሠረቱ እኩል ይካፈላሉ። ከደመወዝ ላይ 7 በመቶ የሠራተኛው፥ 11 በመቶ የአሠሪው ተደርጎ ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባውስ? ደመወዝ «ደም» እና «ወዝ» ነው ሲባል የሰማ ሁሉ ደመወዙ የጋራ መሆኑን ይቀበላል። ያው ገንዘብ «መዋጮ» ሲባል ግን የዕድር ገንዘብ ይመስላል፤ ከቤት ወጥቶ ሄዷል፥ አይጠየቅም። «አበል» ሲባል ደግሞ ከመንግሥት የሚሰፈር ይሆናል። «ጡረታ» ራሱ ከ«ጦረ» የወጣ ስለ ሆነ ጧሪና ተጧሪን ያስባል፤ ለአንድ ሽማግሌ የተሰጠ መጦሪያ እንጂ በሁለት ሰው ድካም የተጠራቀመ ሀብት አይመስልም። ከሁሉም የሚደንቀው «ዳረጎት» ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጡት ዐዋጆች (ቁጥር 714 እና 715፤ በ2014 ዓ.ም. በ1267 እና 1268 ተተክተዋል) የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ዐሥር ዓመት ያላገለገለ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን ገንዘብ በዚህ ስም ይጠሩታል። በጣና ገዳማትና አድባራት ዙሪያ ላደገ ሰው ዳረጎት ከማዕድ የሚታደል ቁራሽ ነው። የሠራበትን የሚቀበል ሰው ቁራሽ ተቀበለ ይባላል፤ የቀድሞ ሚስቱም ከቁራሽ ድርሻ ስትጠይቅ ታፍራለች።

ስያሜ ብቻውን መብት አይሰጥም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን እነዚህ ዐዋጆች የጡረታ መብት እንዳይተላለፍና እንዳይያዝ ሲከለክሉ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚቆረጥ ቀለብን ከክልከላው ያወጣሉ። እንግዲህ የባዕድ አገሩን «ድርሻ» «ቀለብ» ብሎ የተረጐመ ሰው፥ ሳያውቀው የንብረትን ጥያቄ የልመና ጥያቄ አድርጎ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሮታል። ቀለብ እንደ ችግረኛነት መጠን የሚወሰንና የሚለዋወጥ ነው፤ ድርሻ ግን እንደዚያ አይደለም። የሞተበት ወገን «ተተኪ» የሚል ስም አለው፤ ለሚስት ወይም ለባል ከሟች አበል 50 በመቶ ይደርሳል። የተፋታው ወገን ግን በጡረታ ሕግ ቃላት ውስጥ ስም የለውም፤ ስም የሌለውንም ጸሐፊው በቅጹ ላይ የሚያሰፍርበት መስመር አያገኝም።

ቋንቋው የሚረዳበት መንገድ አለው። «አፈራ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ፤ ሰውም ዛፍም ያፈራል። የዘጌ ቡና ሳይለቀም የተለያዩ ባልና ሚስት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነውና የማንም አይደለም አይባባሉም፤ ሽማግሌ ይገምትና ይካፈላሉ። ጡረታም እንደዚሁ ገና ያልተለቀመ ፍሬ ነው። ስለዚህ ያልደረሰውን «በትዳር ዘመን የፈራ የጡረታ መብት»፥ በፕሮቪደንት ፈንድ የተቀመጠውን «የተጠራቀመ ሒሳብ»፥ በየወሩ የሚወጣውን ብቻ «አበል» እንድንል እናሳስባለን። «መዋጮ» ገንዘቡ ሲገባ ለሚፈጸመው ድርጊት ይቆይ። «ዳረጎት» የሚለውን ግን ሕግ አውጪው እስኪለውጠው ድረስ ተርጓሚ በራሱ ሥልጣን ሊለውጠው አይገባም፤ በግርጌ ማስታወሻ «በአንድ ጊዜ የሚከፈል የአገልግሎት ገንዘብ» ብሎ ቢያብራራው ይበቃል።