ሳይታጠብ የሚሰጥ ጨርቅ

ውሻ የሚያረባ ሰው ቡችላ ለሚወስድ ሰው ከሚሰጠው ሁሉ እኔ የምወደው አንዲት አሮጌ ጨርቅ ነች። የክትባት ካርዱ ግድ ነው፤ የትል መድኃኒት የወሰደበት ቀንም ይጻፍበት። የለመደው ምግብ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ይጨመር፤ ድንገት ሲቀየርበት ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ጨርቋ ግን ሌላ ነች። እናትየው ከነልጆቿ ስትተኛባት ከርማለች፤ ስለዚህ አትታጠብም (አፍንጫችሁን ብትይዙም ቻሉት)። የ8 ሳምንት ቡችላ ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ተነጥሎ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲያላዝን፣ ያቺን ጨርቅ አጠገቡ አድርጉለት። ሁልጊዜ ወዲያው ዝም አይልም። መጀመሪያ ያሸታታል፣ ይዞራታል፣ ከዚያ አፍንጫውን እጥፋቷ ውስጥ ቀብሮ፣ ትንሽ አለቃቅሶ ይተኛል። ጠዋት እየጎተተ በራችሁ ሥር አድርሷት ታገኙታላችሁ።