«አልተመዘገበም» ሲባል፦ በአንድ የጥገና መምሪያ የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ባለፈው ክረምት ለሌላ ጥናት ወደ ሰሜን ወሎ በሄድሁበት ጊዜ፣ በወልድያ ከተማ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያ የሚሠራበትን መምሪያ አሳየኝ። መምሪያው አርባ ገጽ ያህል ሲሆን ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነው፤ የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም። የሚያስተምረውም በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ መልእክት የሚልክ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በሌላ ማሽን ውስጥ እንዴት እንደሚገጠም ነው። ተርጓሚው ደክሟል፤ ድካሙም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከቃላቱ አንዳንዶቹ መልካቸው አማርኛ ሆኖ ሳለ ለአማርኛ ተናጋሪው የማይናገሩ፣ ሌሎቹም ከታሰበው ውጭ የሚናገሩ በመሆናቸው ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያሻል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን የመጠቀም ግዴታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ከተደነገገ ወዲህ፣ ማሽኑ ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ወልድያና መርሳ ሱቆች ደርሷል። ብዙው ገዢ ደረሰኝ ማተሚያ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከማተሚያው ጋር ሲም ካርድ የጎረሰ አንድ ክፍል አለ፤ ይህም የዕለቱን የሽያጭ ድምር ጂ.ፒ.አር.ኤስ. በሚባለው የመረጃ መስመር ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ያስተላልፋል። ላኪውም ማሽን፣ ተቀባዩም ማሽን ነው። እንግዲህ ይህን አሠራር በአማርኛ ምን እንበለው?

መምሪያው «ከማሽን ወደ ማሽን ግንኙነት» ይላል። «ከ…ወደ» በአማርኛ የጉዞ አነጋገር ነው፤ ከወልድያ ወደ መርሳ እንደምንለው። መልእክቱ ግን ይመላለሳል፤ ላኪው ይልካል፣ ተቀባዩም መድረሱን መልሶ ያስታውቃል። ለእንዲህ ያለው ነገር አማርኛ በግሱ ውስጥ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው፤ ተነጋገረ፣ ተጻጻፈ፣ ተላላከ እንላለን። ከእነዚህ ለጉዳዩ የሚቀርበው «ተላላከ» ነበር፤ ዳሩ ግን «ተላላኪ» ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ሠራተኛ ስም ሆኗል፣ በፖለቲካውም ሰፈር ከስድብ ተቈጥሯል። ስለዚህ የባለቤቱን ስም ትቶ የድርጊቱን ስም በመያዝ «የማሽኖች መልእክት ልውውጥ» ማለት ይበቃል ባይ ነኝ።

«ማሽን» የሚለውን ለምን እንደ ተቀበልሁ የሚጠይቅ ይኖራል። አባቶቻችን «የስፌት መኪና»፣ «የጽሕፈት መኪና» ይሉ ነበር፤ ዛሬ መኪና ያለ ተቀጽላ ሲነገር በመንገድ የሚሄደው ብቻ ሆኗል። ደንቡ «መሣሪያ» ማለቱ ለሕግ ጽሑፍ ያስኬዳል። ነገር ግን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በነበረች ከተማ «እሱ ሱቅ መሣሪያ አለ» የሚል ሰው የሚያስነሣውን ሐሳብ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊዘነጋው አይገባም። በንግግር «ማሽን» ማሸነፉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ዋናው ግድፈት እንምጣ። መምሪያው የተንቀሳቃሽ ስልኩን ኔትወርክ «ሕዋሳዊ መረብ»፣ የሚገጠመውንም ክፍል «ሕዋሳዊ ሞጁል» ብሎታል። ተርጓሚው የሄደበት መንገድ ግልጽ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሴልን «ሕዋስ» ብለዋልና እርሱም ቃሉን አንሥቶ ለጠፈው። በእንግሊዝኛው ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ግን የሕይወት ነገር አይደለም፤ አነስተኛ ክፍል ወይም ጓዳ የሚለው ጥንታዊ ትርጉም ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲሶች ሐሳቡን ሲያቀርቡ፣ አገሩን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አነስተኛ ኃይል ያለው ማሰራጫ ማቆም፣ በአንዱ ክፍል የሠራውንም የሬዲዮ ሞገድ ራቅ ባለው ክፍል ደግሞ መጠቀም ነበር ዓላማቸው። ሴል ማለት እንግዲህ አንድ አንቴና የሚሸፍነው መሬት ነው። «ሕዋስ» የሚለው የአማርኛ ቃል ስለ መሬት ምንም አይናገርም፤ ከስሜት ሕዋሳትና ከሥጋ ጋር ተቈራኝቷል። የመርሳ ተማሪ «ሕዋሱን ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ቢያነብ አጉሊ መነጽር ፍለጋ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ምትኩ ግን ቀላል አይደለም። «ክልል» እንዳንል ቃሉን የመንግሥት አስተዳደር ይዞታል። መሐንዲሶች ሴሎቹን በሥዕል ሲያሳዩ ስድስት ጎን ያላቸው አድርገው እንደ ማር እንጀራ ስለሚደረድሯቸው፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቀፎ» የሚለውን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አሳቡ ያምራል፤ ግን ሕዝቡ ቀድሞናል። «የስልክ ቀፎ» ብሎ ለእጅ ስልኩ አካል ሰጥቶታል፤ ይህም አሰያየም ከማንኛውም ኮሚቴ ሥራ የማያንስ ነው፤ ሲም ያልገባበት ስልክ ንብ እንዳልገባበት ቀፎ ባዶ ነውና። እኔ «የአንቴና ቀጣና» የሚለውን አቀርባለሁ፤ «ሕዋሳዊ ሞጁል» የተባለውም በቀጥታ «የሞባይል ክፍል» ይባል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቃሉ ገጠር ወርዷል፤ በስተእርጅና ልናባርረው አንችልም። ይህን የሚነቅፍ ካለ «ስልክ» የሚለውን ቃል ያስብ። ስልክ ዐረብኛ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል ሽቦ የሌለው ሽቦ እያልን መሆናችን ማንንም አላወከም።

«ሞጁል» የሚለውን ያልተቀበልሁት በባዕድነቱ አይደለም። በሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትና በርቀት ትምህርት ሞጁል ማለት የማስተማሪያ ጥራዝ ነው። ሠልጣኙ «ሞጁሉን አውጥተህ አጽዳ» ቢባል ወደ ቦርሳው ነው የሚያየው። «ክፍል» ደግሞ የመማሪያ ክፍልም ነው ቢባል፣ «የሞባይል» የሚለው ቅጽል ብዥታውን ያስወግደዋል።

ለመግጠም ሥራው መምሪያው ከዳር እስከ ዳር «ማዋሐድ» ይላል። በዚህ ቃል ላይ አማርኛችን የብዙ መቶ ዓመታት ክርክር አለበት። ውሕደት በሊቃውንቱ አነጋገር ከተፈጸመ በኋላ መለየት የሌለበት አንድነት ነው። የሞባይል ክፍሉ ግን ይለያል፤ ሲበላሽ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። በሌላ በኩል አንዳንዱ ክፍል በዋናው ሰሌዳ ላይ በቆርቆሮ ተበይዶ ስለሚመጣ ጠጋኙ በቀላሉ አይነቅለውም። መምሪያው ሁለቱንም «የተዋሐደ» በማለቱ ጠጋኙ መንቀል የሚችለውንና የማይችለውን ከጽሑፉ አይለይም። «የተሰካ» እና «የተበየደ» የሚሉ ሁለት ግልጽ ቃላት በየገበያው እያሉ አንድ የተከበረ ቃል አምጥቶ ልዩነቱን ማጥፋት ምን ይጠቅማል? «መግጠም» ለጠቅላላው ሥራ ይበቃል።

በአንድ ቦታ ደግሞ ስሕተቱ ፈገግ ያሰኛል። የማሽኑ አእምሮ የሞባይል ክፍሉን የሚያዘው በጽሑፍ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ሁሉ «ኤ» እና «ቲ» በሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ፊደላቱ «ልብ በል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ናቸው፤ ልማዱም በ1981 እ.ኤ.አ. ሄይስ የተባለው ኩባንያ ካወጣው ሞደም የመጣ ነው። ተርጓሚው «ተጠንቀቅ» ብሎታል። ለሰልፈኛ ወታደር ትክክል ነው፤ ለጠጋኝ ግን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ወጣቱም መጀመሪያ ሲያነበው ኤሌክትሪክ ይነዝራል ማለት መስሎት እንደ ነበር አጫውቶኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን «መመዝገብ» ነው። የሞባይል ክፍሉ ሲበራ በአቅራቢያው ያለውን አንቴና ፈልጎ ራሱን ያስታውቃል፤ ኔትወርኩም ሲሙን አይቶ ይቀበለዋል ወይም ይከለክለዋል። እንግሊዝኛው ይህን ምዝገባ ይለዋል፤ መምሪያውም እንዲሁ። ማሽኑ ግን በስሙ «የሽያጭ መመዝገቢያ» ነው፤ ነጋዴውም ማሽኑን ግብር መሥሪያ ቤት ዘንድ ያስመዘግባል። ሦስት ምዝገባ በአንድ ሣጥን! በተቀመጥሁበት ወጣቱ ለአንዲት ባለሱቅ ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ማሽኑ አልተመዘገበም» ሲላቸው ሴትዮዋ ደነገጡ። «ኧረ ልጄ፣ ያስመዘገብሁበት ወረቀት በእጄ ነው!» የሚለው ድምፃቸው እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማ ነበር። ቅጣት መጣብኝ ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ግብር መሥሪያ ቤት ሊሄዱ ተነሥተው ነበርና ለማረጋጋት ብዙ ቃል ፈጀ። የነገሩ መነሻ ማሽኑ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ጓዳ መግባቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳቱም በባለሱቆች አያበቃም። ጠጋኙ ክፍሉን ስለ ሁኔታው ሲጠይቀው መልሱ በቁጥር ይመጣል። 0 ማለት ከኔትወርክ ውጭ ነው፣ እየፈለገም አይደለም፤ 1 ተቀብሎታል፤ 2 ገና በመፈለግ ላይ ነው፤ 3 ተከልክሏል፤ 5 በሌላ ድርጅት ኔትወርክ ላይ በእንግድነት ገብቷል። መምሪያው 0ን፣ 2ንና 3ን በአንድነት «አልተመዘገበም» ብሎ አጠቃሏቸዋል። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ግን የጥገናው ሥራ ራሱ ነው። 2 ሲመጣ አንቴናው ይታያል፤ ማሽኑ ወደ መስኮት ይጠጋል ወይም ጥቂት ይታገሣል። 3 ሲመጣ አንቴና መነካካት ከንቱ ነው፤ ሲሙ የታገደ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ወደ ስልክ ድርጅቱ ይሄዳል። በተሳሳተ ቃል ምክንያት ደኅና አንቴና ተነቅሎ ተጥሏል፤ በዋጋው የተጎዳውም ነጋዴው ነው።

እኔም «ምዝገባ» ለግብር መሥሪያ ቤቱና ለሽያጩ ይቅር፣ ለኔትወርኩ «ቅበላ» እንበል የሚል ሐሳብ ይዤ መምሪያውን ስመልስለት፣ በሠንጠረዡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ከ2 አጠገብ «እየፈለገ»፣ ከ3 አጠገብ «እምቢ ተብሏል»፣ ከ5 አጠገብ «እንግዳ» ይላል። መቼ እንደ ጻፈው ብጠይቀው፣ መምሪያው በደረሰው በሁለተኛው ሳምንት መሆኑን ነገረኝ።