እንቁላልና ጽንስ ወደ በረዶ ሲገቡና ሲወጡ

የሴት እንቁላል ከሰው ህዋሳት ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ዐይኑ ብርቱ የሆነ ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጥብ ያየዋል። ለማቀዝቀዝ ሲፈለግ ግን ትልቅነቱ ዕዳ ይሆናል። ውስጡ በአመዛኙ ውሃ ነው፤ ይህ ሁሉ ውሃ በሽፋኑ በኩል ቶሎ ወጥቶ አያልቅም። ውስጥ የቀረው በረዶ ሲሠራ ክሪስታሎቹ ህዋሱን ያፈርሱታል። በረዶው ከውጭ ብቻ ቢጀምርም ጉዳት አይቀርም፤ ውሃው እየረጋ ሲሄድ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ጨው ይበረታል።

እንቁላል ከጽንስ ይልቅ የሚያስቸግርበት ሌላም ምክንያት አለ። ለመዳቀል የደረሰ እንቁላል ክሮሞዞሞቹን በቀጫጭን ክሮች ላይ ደርድሮ ይጠብቃል፤ ክሮቹ በረዶ ገና ሳይፈጠር በቅዝቃዜው ብቻ ይፈርሳሉ። ሲሞቅ መልሰው ይሠራሉ፤ በትክክል ካልተሠሩ ግን የክሮሞዞሞቹ ቁጥር ሊዛባ ይችላል። የውጭ ሽፋኑም ስለሚጠነክር የወንዱ ዘር በራሱ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል፤ በዚህ ምክንያት አንድ የወንድ ዘር ህዋስ በቀጭን መርፌ ወደ ውስጥ ይከተታል። ጽንስ ግን ብዙ ህዋስ አለው፤ ጥቂቶቹ ቢሞቱ የቀሩት ማደግ ይችላሉ። ከቀዘቀዘ ጽንስ የመጀመሪያው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1984 አውስትራሊያ ውስጥ ተወለደ። ከቀዘቀዘ እንቁላል መውለድ በ1986 እዚያው አገር ቢሳካም፣ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ዘዴውን ከሙከራነት ያወጣው በ2012 ነበር።

የቀድሞው ዘዴ ዝግታን ይመርጥ ነበር። ሙቀቱ በደቂቃ 0.3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ባለሙያው የቀዘቀዘ መቆንጠጫ ህዋሱ ባለበት ቱቦ ላይ ያሳርፋል፤ በረዶው ሆን ተብሎ ከውጭ እንዲጀምር ነው። ለጽንስ አገልግሏል፤ ለእንቁላል ግን ውጤቱ ደካማ ነበር። ዛሬ ቦታውን የያዘው ቪትሪፊኬሽን ነው። ህዋሱ በመጀመሪያ ውሃውን በከፊል አስወጥቶ ከበረዶ የሚከላከል ውህድ እንዲተካ ይደረጋል፤ ከዚያ በቀጭን ላስቲክ ጫፍ ላይ እጅግ ጥቂት ፈሳሽ ይዞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከሺህ ዲግሪዎች ስለሚያልፍ ውሃው ክሪስታል ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ውህዱ ራሱ መርዛማ ነው፤ ውህዱ በበረታበት ፈሳሽ ውስጥ ህዋሱ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ለማቀዝቀዙ የሚሰጠው ትኩረት ግማሹ እንኳ ለማሞቁ አይሰጥም፤ ይህ ስህተት ነው። የጠጠረው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ከሞቀ በመንገዱ ላይ ክሪስታሎች ይወለዳሉ፣ ያድጋሉም። በአይጥ እንቁላል ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ማሞቁ በቂ ፍጥነት ካለው በዝግታ የቀዘቀዙትም ይተርፋሉ። ስለዚህ ላስቲኩ አየር ላይ ሳይዘገይ 37 ዲግሪ ወደ ሆነ ፈሳሽ ይገባል። ፈሳሹ ብዙ ስኳር አለው፤ የወጥ ቤቱ ስኳር ራሱ። ስኳሩ ወደ ህዋሱ ስለማይገባ ውሃው በአንድ ጊዜ ጎርፎ እንዳያፈነዳው ይገታዋል፤ መጠኑ በየደረጃው ይቀንሳል። እንቁላሉ ክሮቹን እንዲመልስ ሁለት ሰዓት ያህል ያርፋል። የአምስት ቀን ጽንስ ደግሞ በመሐሉ ፈሳሽ የሞላ ክፍተት አለው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ክፍተቱን አስቀድመው በሌዘር ያረግቡታል። ከሞቀ በኋላ መልሶ መነፋቱ የሕይወት ምልክት ነው።

በናይትሮጅን ውስጥ ሥነ ሕይወታዊ ለውጥ ይቆማል፤ ዓመታት ቢያልፉ እንቁላሉ አያረጅም። ናይትሮጅኑ ግን ስለሚተን ማስቀመጫ ጋኑ ዘወትር መሞላትና መጠበቅ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በክሊቭላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ጋኖች ተበላሽተው በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ጽንሶች ለጉዳት ተጋልጠዋል።

ቅዝቃዜ የነበረውን ያቆያል እንጂ ጥራት አይጨምርም። በ30 ዓመት የተወሰደ እንቁላል በ40 ዓመት ቢሞቅም የ30 ዓመት እንቁላል ነው፤ በ41 ዓመት የተወሰደው ደግሞ የዕድሜውን ጉድለት ይዞ ይወጣል። እንቁላሏን ለማስቀመጥ የምታስብ ሴት በዚያ ላቦራቶሪ እስካሁን ከሞቁት ስንቱ በሕይወት እንደወጣ አስቀድማ ትጠይቅ።