ሁሉ ጎጆ አይደለም፦ በባህላዊ ቤቶች ስያሜ አጠቃቀም ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

በመማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግመው ከሚታዩት የቃላት አጠቃቀም ጉድለቶች አንዱ ማናቸውንም ባህላዊ መኖሪያ «ጎጆ» ብሎ መጥራት ነው። ሂሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት የአማርኛ መልመጃ ጣራው ጠፍጣፋ የሆነ የድንጋይ ቤት ሥዕል አቅርቤ፣ ትክክለኛው መልስ «ጎጆ» ነው ብዬ ነበር። «ሕድሞ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ አጣ። የተሳሳተው ግን ጠያቂው ነበር።

ጎጆ በቀጥተኛ ፍቺው ክብ ግድግዳና ሾጣጣ የሳር ክዳን ያለው አነስተኛ ቤት ነው። የትግራይ ሕድሞ ግን በድንጋይ ግድግዳ ላይ እንጨት ተረብርቦ አፈር የሚደለደልበት ነው። የሐረሩ «ጌይ ጋር» የከተማ ቤት ሲሆን፣ ዋናው ክፍል «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ የሰው መቀመጫም እንደ ክብሩ ይለያል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይጠለፋል፤ ግርጌውን ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ፣ ቁመቱ እያጠረ ለረዥም ዘመን ያገለግላል። የሶማሌ አርብቶ አደሮች አቃል ደግሞ ሴቶች የሚተክሉት፣ ተነቅሎም በግመል የሚጫን ቤት ነው። እነዚህን ሁሉ ጎጆ ማለት እያንዳንዱ ሕዝብ የአካባቢውን ቁሳቁስና የኑሮውን ጠባይ አመዛዝኖ የደረሰበትን ጥበብ በአንድ ቃል መሸፈን ነው።

«ቱኩል» የሚለውም አጠቃቀም እንዲሁ ሊታረም ይገባዋል። አማርኛ የራሱ ቃል እያለው፣ የጣሊያን ጽሑፎች ያስለመዱትን ስም መዋስ አያስፈልገውም።

በሌላ በኩል፣ በከተማ ፎቅ ቤት የተከራዩ ሙሽሮች «ጎጆ ወጡ» ቢባል ስሕተት አይደለም፤ ቃሉ በዘይቤ ትዳርን ያመለክታልና። ጥንቃቄ የሚያሻው ቤቱ ራሱ በሚገለጽበት ጊዜ ነው።

ስለሆነም ስያሜዎችን ማስሸምደድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መምህሩ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፣ ጣራው ምን ቅርጽ እንዳለው፣ ሠሪው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያስመልክት፤ ስሙ ከዚያ ይከተላል። አቃጆችም ሥዕሎች ከመታተማቸው በፊት ለየአካባቢው መምህራን ቢያሳዩ፣ በእርማትም የአካባቢው ስም ተቀባይነት እንዲኖረው ቢያደርጉ ይበጃል።

ያን መልመጃ ዛሬ ባዘጋጀው ጥያቄው «ይህ ምን ይባላል?» ብቻ አይሆንም፤ «በእናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ? እንዲህ የተሠራውስ ለምንድን ነው?» የሚል ይሆናል።