ፒኑ አይሸከም

ታጣፊ ስለት ለመሥራት የተነሣ ሰው ልቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስለቱ ነው። ርዝመቱን፣ ሹልነቱን፣ ብልጭታውን ያስባል። ጭሮ ከተማ ላይ ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ የያዝኩት ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነው። ስለት ማውጣት ቀላሉ ነው፤ ጭንቁ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው።

ይህን ከሰንጢ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ሳንጃ ነው። የጣሊያን ፈረሰኞች ይይዙት የነበረው ሞዴል 91 ካርካኖ ጠመንጃ፣ ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ የቀረ ነው። ፈረሰኛው ሌላ አፎት መታጠቅ አያስፈልገውም፤ ሲፈልግ ይዘረጋዋል፣ ሳይፈልግ ወደ ኋላ ታጥፎ ከበርሜሉ ሥር ይተኛል። ካርካኖ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን አገራችን ገብቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የሶቪየቱ ጠመንጃ ሲሞኖፍ መጣ፤ እሱም ታጣፊ ሳንጃ አለው።

የሲሞኖፉን ሳንጃ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እጀታው ውስጥ ሞላ እንዳለ ያውቃል። ለማጠፍ እጀታውን ወደ ጫፉ አቅጣጫ ይስቡታል፤ ሞላው ይጨመቃል፣ መያዣው ይላቀቃል፣ ስለቱ ይዞራል። ሲዘረጋ ግን እጀታው ላይ ያለው ቀለበት አፈሙዙን አቅፎ ይይዛል። የሠሪው ብልሃት ያለው እዚያ ቀለበት ላይ ነው። ስለቱ በጎን ሲገፋ ጫናው ስለቱ በሚዞርበት ቀጭን ፒን ላይ ብቻ አያርፍም፤ በርሜሉ ይቀበለዋል። ፒን ያዞራል እንጂ አይሸከምም። ከዚያ ሳንጃ የወሰድኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አልፎ አልፎ ወጣቶች እየመጡ «ጋሼ፣ ልክ እንደ ሲሞኖፉ አድርገው ይሥሩልኝ» ይሉኛል። ጠመንጃ ላይ የሚሰካ ነገር አልሠራም። ከዚህ እስከ ሚኤሶ ባለው አገር በግጦሽና በውሃ ስንት ጊዜ ደም እንደፈሰሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቱምቱ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ተብሎ ከሩቅ የሚታይ ሰው ደግሞ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ስሙ ይነሣል። ከመዳፍ የማይበልጥ ሰንጢ ግን እሠራለሁ፤ ቡና ለሚገርዝ፣ የጫት እስር ገመድ ለሚቆርጥ፣ ሸንኮራ ለሚልጥ። ያው የሳንጃው ብልሃት እዚያም ይገባል።

ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ነው። ከአዋሽ ወደ ጭሮ የሚወጣው ዳገት ባሌስትራ ስለሚሰብር ጋራዦች ደጃፍ አይጠፋም። ከተሰበረበት አካባቢ ያለውን አልነካውም፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖረዋልና። ቀዳዳ የሚበሳው ስለቱ ውሃ ሳይጠጣ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ የትራፓኖው መብሻ ይዶለዱማል። ስለቱንና ሁለቱን የጎን ላሜራዎች አንድ ላይ ሞርሳ ውስጥ አስሬ በአንዴ እበሳቸዋለሁ። ለየብቻ የተበሳ ቀዳዳ ምንም ቢለካ በመጨረሻ ስለቱን ወደ አንድ ጎን ያዘምመዋል።

ከዚያ እሳት። ብረቱ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ሙቀቱ ወደ 770 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ ትንሽ አሳልፌው ዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ። ውሃ ለባሌስትራ ብረት ይበረታበታል፣ ይሰነጥቀዋል። የተነከረው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ አጽድቼው በዝግታ እንደገና አሞቀዋለሁ። ላዩ የገለባ ቀለም ሲይዝ፣ ከ200 ዲግሪ አለፍ ሲል፣ ስለቱ ይበቃዋል። ሲዘረጋ ስለቱን በጥርሱ የሚይዘው የጀርባው ሞላ ግን ሰማያዊ እስኪሆን፣ እስከ 300 አካባቢ፣ መሄድ አለበት። ከዚያው ባሌስትራ የወጡ ሁለት ቁራጮች አንዱ እንዲቆርጥ፣ ሌላው እንዲታጠፍና እንዲመለስ የሚሆኑት በዚህ የቀለም ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ፒኑ። የስለቱ ተረከዝ ላይ ትከሻ አወጣለታለሁ፤ ሲዘረጋ ያ ትከሻ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የተቸነከረ ወፍራም ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ማቆሚያው የእኔ ቀለበት ነው። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ርካሽ ሰንጢዎች ብዙዎቹን ብትፈቷቸው ማቆሚያ የላቸውም፤ ጫናው ሁሉ ሪቬቱ ላይ ነው፣ ቀዳዳው ወዲያው ይሰፋል። የሞላው ጥርስና ተረከዙ የሚገናኙበትን ገጽ ደግሞ ቀጥ አላደርገውም፤ በሞረድ ጥቂት ዲግሪ አዘነብለዋለሁ። ብረቱ እየተፋተገ ሲያልቅ ጥርሱ ጠለቅ ብሎ እየገባ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ይህች ገጽ ከስለቱ የበለጠ ጊዜዬን ትበላለች። የሚገዛኝ ሰው ስለማያያት ዋጋ ሲከራከር አይቆጥርልኝም፤ አልፈርድበትም።

የመታጠፊያው ድካም ለጣሊያኖችም ሳይሰማቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1938 ላወጡት አዲስ ጠመንጃ መጀመሪያ ስለቱ የሚታጠፍ ሳንጃ ሠሩለት፤ በኋላ ግን የማይታጠፍ አደረጉት። ፋብሪካ ያለው ከተወው፣ በከሰልና በወናፍ የሚሠራ ሰው ታጣፊ ከመጀመሩ በፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ደንበኛውን መጠየቅ አለበት። «አፎት ይሻልሃል» ብዬ የመለስኩት ደንበኛ ብዙ ነው።

ለሚኤሶና ለአሰቦት ሰዎች ስሠራ አንድ ነገር እለውጣለሁ። የቆላው አቧራ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይቦካል፤ ከፍ ባሉት ሂርናና ኩኒ ላይ ለዓመታት ልስልስ ብሎ የሚዞር ሰንጢ እዚያ ይታነቃል። ስለዚህ በስለቱና በላሜራው መካከል የነሐስ ሮንዴላ አስገባለሁ፣ ጀርባውንም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፤ አቧራው የሚወጣበት ክፍተት እተውለታለሁ። ሪቬት ከመምታት ይልቅም በብሎን አስረዋለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ይጠርገው።