«ቤቶች!» ሳይል የገባ እንግዳ

«ዘ ሶርስ»ን ያየሁት ደባርቅ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ በሚገባበት የካርቶን መነጽር ነው። ቻሪቲ ዋተር የተባለው የአሜሪካ የውኃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሠራው አጭር የቨርቹዋል ሪያሊቲ ፊልም ነው። ሰሜን ኢትዮጵያ ያለች የ13 ዓመት ልጅና መንደሯ ንጹህ ውኃ ሲያገኙ ያሳያል። ኒው ዮርክ ውስጥ ለገቢ ማሰባሰቢያ በተደገሰ ግብዣ ላይ እንግዶች መነጽር አጥልቀው አይተውታል።

ፊልሙ ልብ ይነካል። ውኃው ሲወጣ የእኔም ዓይን እንባ አቅርሯል። ቤቱ ቧንቧ ያለው ሰው ደግሞ የጉድጓድን ጥቅም ማናናቅ አይችልም። ጥያቄዬ ስለ ውኃው አይደለም፤ እኔ እዚያ መንደር ምን ሆኜ ነው የቆምኩት?

እኛ ዘንድ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ «ይግቡ» እስኪባል ይጠብቃል። ከገባም በኋላ «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ይባላል። ፊልሙ ውስጥ ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ወደ ታች ሳይ እግር የለኝም። አንገቴን ወደፈለግኩበት አዞራለሁ፣ ልጅቷ ግን እኔን አታየኝም። ፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ በዚያው ዓመት ይህን ቴክኖሎጂ የመጨረሻው የርኅራኄ ማሽን ብሎት ነበር። ርኅራኄውስ ይሁን። መልሶ የማይጠይቅህን ሰው ስታይ ግን ታዝንለታለህ እንጂ አትተዋወቀውም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያና ጭላዳ ቦታ እንደሚያስፈልጋቸው አልክድም።

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ የፓርኩን ምናባዊ ጉብኝት እንድሠራለት ጠየቀኝ። ግጭ ላይ ስንደርስ «ሜዳውና ጭላዳው ብቻ ይታይ» አለኝ። ኮዱ ቀላል ነው። ዛሬ ሜዳ መሆኑም ውሸት አይደለም። ድሮም ሰው ያልኖረበት ማስመሰሉ ነው ውሸቱ። እዚያ ተወልዶ አሁን ደባርቅ የሚኖር ሰው ያን መነጽር ቢያጠልቅ፣ የቤቱን መሠረት ያጠፋሁበት እኔ እሆናለሁ።

ስለዚህ ለደንበኛዬ ይህን ጻፍኩለት፦ ጎብኚው ግጭ ሲደርስ ምስሉ ይቁም። የመንደሩ ሰው ድምፅ «ከየት መጣህ?» ብሎ ይጠይቀው። ድምፃቸውን የሚሰጡትም ፈቅደው፣ ተከፍሏቸው፣ ሐሳባቸውን ሲቀይሩም ማስጠፋት የሚችሉ ይሁኑ።

እስካሁን አልመለሰልኝም። ያለዚያ ግን አልሠራውም።